ሞተሩን አሙቆ የሸጠልህ አበልጅህ

ለአንዱዬ፣ ለባሌ፣

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እንደ ሌላው ጊዜ ለአፌ ያህል እንዳይመስልህ፤ ካለፈው እሑድ ጀምሮ የእውነት ደህና ነኝ። ለምን እንደሆነ ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት። ቁጣዬን ታውቀዋለህና ታግሠህ ስማኝ። «አንቺ ሴት ቀስ በይ» የሚለኝ ሰው ስለሌለ ዛሬ ቀስ አልልም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሻይ ቤታችን ቆርቆሮ ለበሰ። ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲ የምንደቅንበት ጥግ አሁን ደረቅ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡት አውቶቡሶች ዛሬም ሉማሜ ሲደርሱ እኛ ደጅ ይቆማሉ። ሹፌሮቹ ያንተን ወንበር ለእንግዳ አይሰጡም፤ አንድ ቀን አንድ የአውራጃ ጸሐፊ ሳያውቅ ቢቀመጥበት ሦስቱ ባንዴ ተነሥተው አስነሡት። ሰውየው ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ቆሞ ሻዩን ጠጣ፤ እኔ ጓዳ ገብቼ ሳቅሁ። ታዴ አራተኛ ክፍል ገብቷል። ጆሮው ያንተ ነው፣ ግትርነቱ የኔ። የኋላውን ክፍል ከሐረር ለመጣ አስተማሪ አከራይቼዋለሁ፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ቀና ብሎ እንኳ አያይም።

መኪናዋም አለች። አልሸጥኳትም። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ምን ታደርግልሻለች፣ ለብረት ሽጫት» ሲለኝ ከረመ። ኤዲያ! ለምን እንዳቆየኋት እኔ ነኝ የማውቀው።

አስራ አንድ ዓመት የሰው አውቶቡስ ነዳህ። የአባይን ዳገት ስታቃስት የምትወጣ አውቶቡስ ላይ ተቀምጠህ ትንንሾቹ መኪኖች አቧራቸውን እየነሰነሱብህ ሲያልፉ ልብህ አብሯቸው ይሄድ ነበር። ቤት ስትገባ ገና ኮትህን ሳታወልቅ የዚያን ቀን ያለፈችህን መኪና ታወራልኛለህ፤ ቀለሟን፣ ድምጿን፣ ኩርባው ላይ እንዴት እንደታጠፈች። እኔ እግርህን ለማጠብ ውኃ ይዤ ቆሜ «እሺ፣ አገባሃት?» እልህ ነበር። ትስቃለህ። ከዚያ ደግሞ ትቀጥላለህ።

ሞኝ ግን አልነበርክም፤ ይህን ማንም እንዳይልህ። ፈጣን መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ እዚሁ ሻይ ቤት መጥቶ አንተን ነበር የሚጠይቅ። ቃልህን እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤዋለሁ። የጭነት መኪና ሞተር ቢደክም ይጎተታል እንጂ አይከዳህም፤ የፈጣን መኪና ሞተር ግን ተጨንቆ የተሠራ ነው፣ አንዴ ከተጎዳ ምሕረት የለውም ትል ነበር። መልኳን አትዩ፣ ማን እንደነዳት ጠይቁ። ጭሷ ሰማያዊ ከሆነ ጥላችሁ ሂዱ። ከሁሉ በላይ ጠዋት ሄዳችሁ ቀዝቅዛ ስትነሣ ስሟት፤ መኪና የሆዷን የምትናገረው ያን ጊዜ ነው ትላቸው ነበር። ይህን ሁሉ የምታውቅ ሰው እንዴት ተሸወድክ?

እኔ ነኝ ያሸወድኩህ። ይኸው፣ በጽሑፍ።

ደምሴ ያቺን ባለ አራት በር፣ የወይን ጠጅ ቀለም ያላትን የጣልያን መኪና፣ አገሩ ከሚገባ ፈረንጅ መሐንዲስ ገዝቶ ደብረ ማርቆስ ግቢው አቁሟታል ሲባል ሌሊቱን ሙሉ አልተኛህም። ደምሴ ለሌላ ሰው ነጋዴ ነው፤ ለእኛ ግን አበልጃችን ነበር። ታዴን ክርስትና ያነሣ፣ ቤታችን ሲገባ ተነሥተን የምንቀበለው፣ እኔ አፌን ሞልቼ አንቱ የምለው ሰው። (አሁን አንቱታውን ነጥቄዋለሁ።) ጠዋት ልትሄድ ስትነሣ ያ የወሎው መካኒክ ሰይድ መፍቻዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ በር ላይ ቆሞ ነበር። እኔ አንተን ወደ ጓዳ ጠርቼ ምን አልኩህ? ትዝ ይልሃል። «አበልጅህ ቤት መካኒክ ይዘህ ልትገባ ነው? ልጅህን ታቅፎ ጠበል ያስጠመቀ ሰው ሌባ ነው ልትለው ነው? ነውር አይደለም ወይ!» ፊትህ ቀላ። ወጥተህ ሰይድን ሌላ ቀን እንጠራሃለን አልከው። እሱ ምስኪን እንኳን «ጋሼ፣ ሌላ ምንም አልነካም፣ ቀዝቅዛ ስትነሣ ልስማት ብቻ» አለህ። እኔ ሻይ ቀዳሁለትና ቁጭ በል አልኩት።

ደብረ ማርቆስ ስንደርስ መኪናዋ ታጥባ፣ አፍንጫዋ ወደ በር ዞሮ፣ ሞተሯ እያጉረመረመ ጠበቀችን። እጄን ኮፈኗ ላይ አሳረፍኩ፤ ትኩስ ነበረች። እኔ ጅሏ ምን አልኩ መሰለህ? «ለእኛ ብለው አሙቀው አቆዩልን» አልኩ! እንደ እንግዳ አክባሪ ቆጠርኩት! ደምሴ ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ያቺ መዳፉ እስካሁን ትከሻዬ ላይ ትቆረቁረኛለች። አንተ ኮፈኑን ልትከፍት እጅህን ስትሰድ «በታዴ ክርስትና፣ ጤነኛ ናት» ብሎ ማለልህ። በልጅህ ክርስትና ከማለልህ ወዲያ ምን ልትል ትችላለህ? እጅህን መለስክ።

መቼም መልካሙን አልክድም፤ አንድ ወር ሙሉ ደስ ብሎህ አየሁህ። ደብረ ኤልያስ የወሰድከኝን ቀን ልተወው? ነጠላዬ በመስኮት ወጥቶ ሲውለበለብ እኔ «ቀስ በል፣ በማርያም!» እያልኩ ስጮህ አንተ እንደ ሕፃን ትስቅ ነበር። አምበር ገበያ መሃል ስንቆም ሰው ከቦን አህዮቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩን። ያን ቀን የለበስከውን ሹራብ አላጠብኩትም።

ከዚያ አባይ። ሦስት መንገደኞች ይዘህ ከአዲስ አበባ ስትመለስ፣ ድልድዩን ተሻግረህ ወደ ደጀን ዳገቱን ስትጀምር፣ ከሞተሯ ውስጥ መዶሻ የሚመስል ነገር መደብደብ ጀመረ። ብዙም ሳትሄድ ከውስጥ ተጣብቃ አልዞር አለች። መንገደኞቹ በጭነት መኪና ተሳፍረው ወጡ። አንተም አብረህ ልትወጣ ትችል ነበር። ግን በሹፌሮቹ በኩል ለደምሴ መልእክት ላክህ፤ ትልቅ የጭነት መኪና እንዳለው ታውቃለህና «ጎትተህ አውጣኝ» አልከው። «ነገ እልካለሁ፣ ከመኪናዋ እንዳይርቅ፣ ዕቃዋን ይፈቱበታል» ብሎ መለሰልህ። በማግስቱም ነገ አለ። በሦስተኛውም ነገ አለ። የጭነት መኪናው በእነዚያ ቀናት ጤፍ ያመላልስ ነበር፤ እዚሁ እኛ ደጅ ቆሞ ሹፌሩ ሻይ ጠጥቶ ሄዷል፤ ይህን በኋላ ነው ያወቅሁ። አራት ቀን በዚያ በረሃ፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ትንኝ መሃል የእሱን ጉድ ጠበቅህለት። በአራተኛው ቀን አንድ የማታውቀው ሹፌር አዝኖ በገመድ አወጣህ።

በሁለተኛው ሳምንት የወባው ንዳድ ጣለህ። አራት ጋቢ ደርቤብህ አልጋው አብሮህ ይንቀጠቀጥ ነበር። መጨረሻ ላይ መሪ የያዝክ እየመሰለህ እጅህን በአየር ላይ ስታዞር እኔ እጅህን ይዤ አብሬህ አዞርኩ። ሌላ ምን ላድርግ? ዳገቱን ወጣን፣ ደጀን ደረስን፣ ቤት ገባን እያልኩህ ነበር። ሰምተኸኛል?

ለቅሶህ ላይ ከሁሉ ይልቅ ያለቀሰው ማን ይመስልሃል? ደምሴ። ደረቱን እየደቃ «ወባ ጨካኝ፣ ወንድሜን ነጠቀኝ» ሲል አገር አብሮት አነባ። እኔም አለቀስኩለት፤ እንባዬ ይፍረድበት! በሁለተኛው ወር ሰይድ ሳልጠራው መጥቶ «እትዬ የሺ፣ ከፈቀድሽልኝ ልክፈታት» አለኝ። ከፈታት። ከሞተሯ የወጣው ዘይት አይፈስም፤ እንደ ማር ይጎተታል። ሰይድ ዘይቱን በጣቱ እያሻሸ እኔ እንድረዳው አድርጎ ነገረኝ። የተበላ ሞተር ሲቀዘቅዝ ይንኳኳል፣ ሲነሣም ሰማያዊ ያጨሳል። እንዲህ ያለ ወፍራም ዘይት ከሞሉበትና ገዢ ሳይመጣ አስቀድመው ካሞቁት ግን ጸጥ ይላል። ዳገት ላይ ሙቀት ሲበዛ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ያኔ ያለቀለት ነው። «ይህን ያደረገ ሰው ሞተሩን አሳምሮ ያውቀዋል» አለኝ። እጄ ኮፈኗ ላይ፣ ያ ሙቀት፣ ያ ሳቅ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ።

ወንድሜ ጠመንጃውን ሊያወርድ ተነሣ። ከለከልኩት። አዝኜለት እንዳይመስልህ! ጥይት ለእሱ ይቀለዋል ብዬ ነው። ፍርድ ቤትም ሄጄ ነበር፤ ዳኛው በወባ የሚከሰስ ሰው የለም ብሎ መለሰኝ። እሺ አልኩና ቤቴ ገባሁ።

ምን እንዳደረግሁ ስማ። መኪናዋን አስገፍቼ ሻይ ቤቱ ፊት፣ መንገዱ ዳር አቆምኳት። ኮፈኗን ከፈትኩት። ዝናብ ሲመጣ እዘጋዋለሁ፣ አውቶቡስ ሲመጣ እከፍተዋለሁ። መቼም ሹፌር የተከፈተ ኮፈን አይቶ አያልፍም፤ ወርዶ አንገቱን ያሰግጋል፣ «ይቺ ምን ሆነች?» ይላል። እኔ ሻዩን እየቀዳሁ እነግረዋለሁ። ድምፄን ከፍ አላደርግም፣ አላለቅስም፣ አልራገምም። ማን እንደሸጣት፣ በምን እንደማለ፣ ዘይቱ እንዴት እንደነበር ብቻ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ለሄደውም ለመጣውም። ሹፌሮች ደግሞ ታውቃቸዋለህ፤ አዲስ አበባም ደሴም ጎንደርም ወሰዱልኝ። ደምሴ ከዚያ ወዲህ አንዲት መኪና አልሸጠም። ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ በእኛ ደጅ ከማለፍ ሌላ መንገድ የለውም፤ ሲያልፍ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ይደፋል። እኔም ሥራዬን ትቼ በር ላይ ወጥቼ እቆምለታለሁ። ደህና ዋል እለዋለሁ።

በመጨረሻ አላስቻለውም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታችንን ይዞ መጣ። ያ አሁን ሹፌር የሆነው ትልቁ ልጁም አብሮት አለ። እንደሚመጡ ሁለት ወር ቀድሜ ሰምቼ ነበርና ተዘጋጅቼ ነው የጠበቅኋቸው። ሰይድን «አስነሣልኝ» ብየው ነበር። «የተጣበቀውን ካላቀቅሁት ትነሣለች፣ ግን ወላሂ ዳገት አትወጣም» አለኝ። የምፈልገው ይህንኑ ነው አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ቁጭ አሉ። ደምሴ ተነሥቶ ተናገረ። ሞተሯ ስትሸጥ ጤነኛ ነበረች፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አበልጄ ፍጥነት ይወድ ስለነበር እሱ ነው ያቃጠላት አለ። አንተን! በመቃብርህ ላይ! ከዚያ ሽማግሌዎቹ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይው፣ መኪናዋንም ከመንገድ አንሺለት አሉኝ። እሺ አልኩ። ደነገጡ፤ እንደዚህ ይቀላል ብለው አልጠበቁም። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን አወጡ። ከመሳለሜ በፊት አንድ ነገር ብቻ አለችኝ አልኩና ወደ ደጅ ይዣቸው ወጣሁ።

መኪናዋ ታጥባለች። አፍንጫዋ ወደ አባይ ዞሯል። ሰይድ ከጠዋት ጀምሮ አሙቋታል፤ እያጉረመረመች ትጠብቃለች። ውስጧ ያለው ሰይድ መልሶ የሞላባት ያው ወፍራም ዘይት ነው። ትልቁን ሽማግሌ «አባቴ፣ እጅዎን ኮፈኗ ላይ ያድርጉ» አልኳቸው። አደረጉ። ወደ ደምሴ ዞርኩና እንዲህ አልኩት፤ «ይቺ መኪና ዛሬ እኔና ባሌ በገዛናት ቀን እንደነበረችው ናት። ዘይቷም እንደዚያው፣ ሙቀቷም እንደዚያው። ጤነኛ ነበረች ብለሃል። እንግዲያስ ልጅህን አጠገብህ አስቀምጠህ አባይ ወርደህ ውጣ። ስትመለስ እግርህን አጥቤ ይቅር እልሃለሁ።»

ልጁ ምንም ስለማያውቅ ደስ ብሎት የመኪናዋን በር ከፈተ። ደምሴ እጁን ያዘው። «በዚህችማ ልጄን አላሳፍርም» አለ።

ከአፉ ወጣ። ያለ ዳኛ፣ ያለ ጠመንጃ፣ በገዛ አፉ። ልጁ ዞሮ አየውና «ለምን አባባ?» አለው። ደምሴ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ። ልጁ ደግሞ «ጤነኛ ናት አላልክም?» አለው። ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን ከኮፈኗ ላይ አንሥተው በነጠላቸው ጠረጉ። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን መልሰው ከተቱ። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ ሄዱ፤ ደምሴም ሄደ። ልጁ ግን አብሮት አልሄደም። በመጣው የመጀመሪያ አውቶቡስ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተሳፈረ።

እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በቀል አያጠግብም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አልቀመሱትም። እኔ ጠገብኩ። አሁን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልጄን ክርስትና አንሣልኝ የሚለው ሰው የለም። አበልጅነቱ ይፍረስልኝ ብዬ ብጠይቅ የንስሐ አባታችን አይፈርስም አሉኝ። ይሁን፣ አይፍረስ። ታዴ ክርስትና አባትህ ማነው ሲባል ስሙን ይጥራ፤ የሰማ ሁሉ ነገሩን ያስታውስ። ይቅርታ እንደሆነ የለኝም። ለእሱም የለኝም፣ ያን ቀን ሰይድን ቁጭ በል ላልኩበት አፌም የለኝም። ለእሱ የሚገባውን ሰጥቼዋለሁ፤ ለራሴም የሚገባኝን በየቀኑ እየሰጠሁ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ዘፈን እያንጎራጎርኩ ሻይ ቤቱን ከፈትኩ። ውኃ ጣድኩ፣ ብርጭቆ አጠብኩ። ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ድምፃቸውን እያስመሰልኩ፣ ሽማግሌው እጃቸውን እንዴት እንደጠረጉ እያሳየሁ ለመናገር ቸኩዬ ሁለት ሻይ ቀዳሁና ይዤ ወጣሁ። ደጅ ስደርስ ለማን ልነግር እንደወጣሁ ገባኝ። ለአንተ ነበር። ሦስት ዓመት ጥርሴን ነክሼ የደከምኩት፣ መጨረሻ ላይ አንተ ሰምተህ እንድትስቅልኝ ነበር፤ ይህን ግን እስከዚያች ጠዋት ድረስ አላወቅሁትም። ቆሜ ሁለቱም ሻይ እጄ ላይ ቀዘቀዙ።

አንዱዬ፣ አልረሳህም። ሌላ የምሰጥህ የለኝም። የነገርኩህን ሰምተህ ከሆነ አንዴ ብቻ ሳቅልኝ።

ሚስትህ የሺ
ሉማሜ